ደረጃው ላይ የቆሙት ሽማግሌዎች

ጋሽ እምሩ ከሽማግሌ የሸሹት በስልሳ አራት ዓመታቸው ነው። ሰው በዚህ ዕድሜ እሱ ራሱ ለሽምግልና ይላካል እንጂ ከሽማግሌ ይሸሻል? እሳቸው ግን ሸሹ። ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ ያውም የምትለመነውን ልጅ ይዘው፣ ያውም መኪናውን የምትነዳው ራሷ ልጅቱ ሆና!

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ጠዋት አምስት ሰዓት ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ልጃቸውን ናዝሬትን ለሚልክያስ ሊለምኑ፣ አሜሪካ ሳን ሊያንድሮ ወደሚገኘው ቤታቸው ሊመጡ ነበር። ቀጠሮውን የሰጡት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ዓርብ ዕለት ግን እራት ላይ ለልጃቸው፣ «የሽማግሌዎቹ ነገር ለሚቀጥለው ሳምንት ተላልፏል» አሏት፣ ዓይናቸውን እንኳ ሳያሹ። ቀጠል አደረጉና፣ «ነገ አየሩ ጥሩ ነው አሉ። ያንን ለመርከቦች የሚያበራውን የመብራት ማማ ለምን አናየውም? ቃል ገብቼልሽ የለ?»

ቃልማ ገብተዋል። የገቡት ግን የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ ነው።

ሸሽተው ዝም ቢሉ ኖሮ ምንም አልነበረም። ጋሽ እምሩ ግን ለትምህርት አሜሪካ ከመምጣታቸው በፊት በጃንሆይ ጊዜ መሥሪያ ቤት ያገለገሉ፣ ያለ ደብዳቤ ከወንበራቸው ተነስተው የማያውቁ ሰው ናቸው። ሽማግሌ የሚያህል ነገር መጥቶ በተዘጋ በር ሲመለስ ታያቸውና አላስችል አላቸው። ጠዋት ናዝሬት ፀጉሯን ስትሠራ ቁጭ ብለው ጻፉ፦

«መጋቢት 7 ቀን 1988 ዓ.ም.። ለክቡራን ሽማግሌዎች። ጉዳዩ፦ በቀጠሮው ላይ አለመገኘታችንን ስለመግለጽ። በድንገተኛ ጉዳይ ምክንያት ከልጄ ጋር ወደ ፖይንት ሬይስ የመብራት ማማ የሄድን ስለሆነ፣ በተባለው ሰዓት ቤት የማንገኝ መሆኑን በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። ከሠላምታ ጋር።»

ፈረሙበት፣ በፖስታ አሸጉት፣ በሩ ላይ ለጠፉት። እንግዲህ ንገሩኝ፣ የት እንደሄዱ ባይጽፉ ምን ነበረበት? እሳቸው ግን ምክንያትና ቦታ የሌለው ደብዳቤ የባለጌ ደብዳቤ ነው ተብለው ነው ያደጉት። ደግሞስ ማን ይከተለኛል ብለው ነው? መንገዱ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፤ የሽማግሌዎቹ አለቃ አሳምነው ደግሞ ጉልበቱን ታሞ ከቤቱ እስከ ፖስታ ሳጥኑ እንኳ የሚሄደው እያማረረ ነው።

«አባቢ፣ ዋት ኢዝ ዛት?» አለች ናዝሬት ፖስታውን አይታ።

«ለፖስታተኛው ነው። ይልቅ ንጂ።»

«ሲትቤልት!» አለች፤ ቀበቶህን እሰር ማለቷ ነው።

ናዝሬት ኦክላንድ ውስጥ ነርስ ናት፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። እዚሁ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች አማርኛውን ሁሉ ትሰማለች፣ ስትመልስ ግን ግማሹን በእንግሊዝኛ ነው። እናቷ ትርንጎ ከአራት ዓመት በፊት ስታርፍ፣ አልባኒ ያለውን አፓርትመንቷን ለቅቃ «ለሁለት ወር ብቻ» ብላ አባቷ ዘንድ ገባች። ሁለቱ ወር እነሆ አራት ዓመት ሆነ። እሁድ እሁድ ከቸርች መልስ አባቷን ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጥና ደም ግፊታቸውን ትለካለች፤ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፋ ፍሪጁ ላይ ትለጥፋለች፤ ከፍ ካለ «ጨው በልተሃል!» ብላ ትቆጣለች። እሳቸውም «ምን ጨው አለና!» ብለው ይቆጣሉ። ጋሽ እምሩ ሳምንቱን ሙሉ የሚጠብቁት ያንን ቁጣ ነው። ይህን ግን ለማንም ተናግረውት አያውቁም።

የሚልክያስ ችግሩ ደግሞ እንከን የሌለው መሆኑ ነው። ሰካራም ቢሆን፣ ሰነፍ ቢሆን፣ እንደው ትንሽ እንኳ አፈ ጮሌ ቢሆን ጋሽ እምሩ እፎይ ባሉ ነበር። ልጁ ግን ጨዋ ነው። ሳን ሆዜ የቺፕ ፋብሪካ ውስጥ ቴክኒሽያን ነው፤ ቸርች ውስጥ ከናዝሬት ጋር ኳየር ይዘምራል፤ አንድ ቀን መጥቶ ለዓመት የተበላሸውን የጋራዥ በር ማንም ሳይጠይቀው ጠግኖ ሄደ። ጋሽ እምሩ ያን ዕለት በሩን አሥር ጊዜ ከፍተው ዘጉት፤ አንዴ እንኳ አልተንቋቋም። እንዲህ ያለውን ሰው በምን ሰበብ ይመልሱታል?

ስለዚህ ሰበብ ፈጠሩ። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ሲመጡ «ልጁን ላጥናው» ብለው ሰደዷቸው። ሁለተኛ ሲመጡ «ዘመድ ላማክር» አሉ። ከውቅያኖሱ ወዲህ አንድ ዘመድ የላቸውም! ያን ጊዜ ጋሽ አሳምነው ከሶፋው ብድግ አሉ። አሳምነውና እምሩ በርክሌይ ተማሪ ሳሉ አንድ ክፍል ተጋርተው የኖሩ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲነታረኩ የኖሩ ወዳጆች ናቸው።

«ስማ እምሩ» አሉ ጋሽ አሳምነው፣ «ሁለት ጊዜ አስቀምጠህ አብልተህ ሸኘኸን። በሦስተኛው አንቀመጥም። እንደ ወጉ ቆመን እንለምናለን፤ ‹ተቀመጡ› ካልከን ልጅቱን ሰጠኸን ማለት ነው፤ ካላልከን እዚሁ ምንጣፍህ ላይ ቆመን እንቀራለን።»

ጋሽ እምሩን ያስሸሻቸው ይህ ነው። እንግዳ ቆሞ ባለቤት አይቀመጥም፤ አሳምነው ደግሞ የተናገረውን የማያደርግ ሰው አይደለም።

የሪችመንድን ድልድይ ተሻገሩ፤ ሜዳውን፣ ጫካውን፣ የከብት እርባታውን አለፉ። መሬቱ እየጠበበ ሄዶ ግራና ቀኙ ባሕር ሆነ። ከመብራቱ በፊት «ቺምኒ ሮክ» የሚባል የእግር መንገድ አለ። ናዝሬት መኪናዋን እዚያ አቆመችና አባቷን በክንዳቸው ይዛ ወጣች። ኮረብታው በሙሉ አበባ ነው፤ ቢጫው፣ ወይን ጠጁ፣ ብርቱካንማው እግር ሥር ተነጥፏል። ነፋሱ የጋሽ እምሩን ባርኔጣ ሁለት ጊዜ አወለቀው፤ ሁለት ጊዜ ናዝሬት ሮጣ ያዘችው፤ በሦስተኛው ራሷ ላይ አጠለቀችው።

«ከልብስሽ ጋር አይሄድም» አሏት።

«አይ ዶንት ኬር።»

ከመንገዱ ጫፍ ቁልቁል ሲያዩ የባሕር ዝሆን የሚባሉት ወፍራም የውሃ እንስሳት አሸዋው ላይ ተጋድመዋል። አንደኛው ግዙፍ ሽማግሌ ወንድ ነው፤ ሌላው ሁሉ ተኝቶ እሱ ብቻ ማንም ወደ ሴቶቹ ጠጋ ባለ ቁጥር አንገቱን ቀና አድርጎ ያጓራል።

«አባቢ፣ ያ አንተን ይመስላል» አለች።

«የትኛው?»

«ሰው ሲመጣ የሚጮኸው።»

ጋሽ እምሩ ሳቁ። ሳቃቸው ግን ግማሽ ላይ ተቋረጠ። ልጅቱ አውቃ ነው ወይስ እንዲያው ነው? ፊቷን አዩት፤ ምንም የለበትም። አምናቸዋለች እኮ! ቀጠሮው ተላልፏል ሲሏት አምና፣ አባቷን ይዛ አበባ ልታሳይ መጥታለች። አንጀታቸውን በላችው።

መብራቱ ጋ ሲደርሱ ሰባት ሰዓት አልፎ ነበር። ከመኪና ማቆሚያው በእግር ትንሽ ያስኬዳል፤ ነፋስ ያጎበጣቸው ዛፎች በመንገዱ ላይ እንደ ጣሪያ ተደፍተውበታል። ከዚያ ገደሉ ጫፍ ይደረሳል። ማማው ታዲያ ገደሉ አናት ላይ አይደለም፤ ወገቡ ላይ ተሰክቷል። ቁልቁል ሦስት መቶ ስምንት ደረጃ አለው። ማስታወቂያው ሠላሳ ፎቅ እንደ መውጣት ነው ይላል።

ያኔ ናዝሬት ሰባት ዓመቷ ሳለ ከትርንጎ ጋር ሆነው እዚሁ ቦታ መጥተው ነበር። ነፋሱ በርትቶ ደረጃው በሰንሰለት ተዘጋ። ናዝሬት አለቀሰች። ትርንጎ «ተይ እናቴ፣ ሌላ ጊዜ» አለቻት፤ እምሩ ደግሞ «በሚቀጥለው ሳምንት አመጣሻለሁ፣ ቃሌ ነው» አሉ። የጋሽ እምሩ «የሚቀጥለው ሳምንት» እንግዲህ እንዲህ ያለ ሳምንት ነው።

ዛሬ ሰንሰለቱ ተነስቷል። ወረዱ። ጋሽ እምሩ መሐንዲስ ናቸው፤ ከካውንቲው መሥሪያ ቤት ጡረታ የወጡት ባለፈው ዓመት ነው። ማማው ውስጥ ገብተው ያንን ከፓሪስ በመርከብ የመጣ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የመስታወት ሌንስ ሲያዩ ሽሽቱንም ሽማግሌውንም ረሱት።

«አየሽ» አሉ ጣታቸውን እየቀሰሩ፣ «እንደ ግድግዳ ሰዓት ነው የሚዞረው። ጠባቂው በየሁለት ሰዓቱ እየመጣ ካልጠመዘዘው ይቆማል። ለምን ከላይ አልሠሩትም ብትዪኝ፣ ከላይ ጉም ይውጠዋል። ጉሙ ከፍ ብሎ ነው የሚቀመጠው፤ ስለዚህ ዝቅ አድርገው ከሥሩ አስገቡት። ብልሆች ናቸው!»

ናዝሬት ሌንሱን ሳይሆን እሳቸውን ነበር የምታየው። «ማሚ ብታየው ደስ ይላት ነበር» አለች።

«በጣም ደስ ይላት ነበር።»

ክንዳቸውን ጥብቅ አድርጋ ያዘችና፣ «ታንክ ዩ፣ አባቢ። አልረሳህም» አለቻቸው።

አሁንስ በቃ አሉ ጋሽ እምሩ በልባቸው። ልንገራት፤ ዋሽቼሻለሁ ልበላት። እጇን ይዘው ወደ ውጭ ወጡ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ አፋቸውን ከፈቱ፣ ቀና አሉ። ጉድ ፈላ!

ሦስት ሙሉ ልብስ የለበሱ ሰዎች ደረጃውን እየወረዱ ነው።

ቱሪስቱ ሁሉ በጃኬትና በስኒከር ነው፤ እነዚህ በጥቁር ሱፍና በተወለወለ ጫማ። ከፊት የኦክላንዱ ቸርች ሽማግሌ አቶ ወልደ ሚካኤል ናቸው፤ ከረባታቸውን ነፋሱ ትከሻቸው ላይ ጥሎታል። ከኋላ አቶ ዓባይነህ አሉ፤ በቀን አሥር ቃል የማይወጣቸው ሰው ናቸው፣ በሽምግልና የሚላኩትም ዝምታቸው ስለሚያስፈራ ነው። መሐል ላይ ጋሽ አሳምነው በሁለት እጃቸው የብረቱን መደገፊያ ጨብጠው፣ በጎናቸው ዞረው፣ አንዷን ደረጃ ወርደው ያርፋሉ፣ ሌላዋን ወርደው ያርፋሉ።

«ኧረ ይሄ ሰውዬ ጉልበቱን ሊሰብር ነው» አሉ ጋሽ እምሩ፤ ማምለጥ ሳይሆን ይህ ነው የመጣላቸው።

ደረሱ። ጋሽ አሳምነው ላባቸውን ጠረጉ፤ ከኮታቸው ኪስ ፖስታውን አወጡ።

«ደብዳቤህ ደርሶናል» አሉ።

ናዝሬት ለሦስቱም ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። ከዚያ ፖስታውን አየች፤ ጠዋት በሩ ላይ ያየችው ፖስታ ነው። ልብሳቸውን አየች። አባቷን አየች። ናዝሬት ስትናደድ በእንግሊዝኛ ነው የምትናደደው፤ ቤቱን ታናውጠዋለች፣ ወዲያው ይበርድላታል። ያን ጊዜ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በአማርኛ ተናገረች።

«ዛሬ ነበር። ዋሸኸኝ።»

«ናዝዬ...»

«ቃሉን አስታወሰ ብዬ ነበር እኮ። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር።»

ባርኔጣውን አውልቃ እጃቸው ላይ አስቀመጠችና ደረጃውን እየሮጠች ወጣች። ዞር ብላም አላየች። ጋሽ እምሩ ባርኔጣቸውን ይዘው ቀሩ። በዕድሜያቸው እንደዚያች ደቂቃ ያፈሩበት ጊዜ የለም።

«በሉ» አሉ ለሽማግሌዎቹ፣ «እዚህ ነፋስ ነው፤ እንውጣ።»

መውጣቱማ እንደ መውረዱ አይደለም። ሃምሳኛው ደረጃ ላይ ጋሽ እምሩ ትንፋሽ አጠራቸው። መቶኛው ላይ አቶ ወልደ ሚካኤል «ጌታ ሆይ» አሉ። ቆየት ብሎ ጠፍጣፋ ማረፊያ መጣ፤ አግዳሚ ወንበር አለው። አንድ ፈረንጅ ባልና ሚስት እነሱን ሲያዩ ተነስተው «ፕሊስ» ብለው ወንበሩን ለቀቁላቸው።

አራቱም ወንበሩን አዩት። ጋሽ እምሩ ለመቀመጥ ጎንበስ አሉ። ሦስቱ ግን በወንበሩ ፊት ተሰልፈው ቆሙ። ጋሽ እምሩ ቀስ ብለው ቀና አሉ፤ እንግዳ ቆሞ እንዴት ይቀመጣሉ?

ጋሽ አሳምነው ኮታቸውን ቆለፉ። «እንግዲህ ቤትህ ብናጣህ እዚህ መጥተናል። ልጅህን ናዝሬትን ለልጃችን ለሚልክያስ እንድትሰጠን ቆመን እንለምናለን።»

«አሳምነው፣ እዚህ ደረጃ ላይ?»

«ቦታውን የመረጥከው አንተ ነህ። በጽሑፍ ነው የነገርከን።»

አራት ሽማግሌ ባዶ ወንበር ከበው፣ ቁና ቁና እየተነፈሱ፣ እግራቸው እየተንቀጠቀጠ ቆሙ። ሰው ይወጣል ይወርዳል፤ ያያቸዋል፣ ወንበሩን ያያል፣ ያልፋል። በመጨረሻ የፓርኩ ዩኒፎርም የለበሰች ጠባቂ ልጅ ወረደችና ቁጭ እንዲሉ ለመነቻቸው።

«ታንክ ዩ» አሉ ጋሽ አሳምነው፤ «ዊ አር ኖት አላውድ።»

ልጅቱ ግራ ገባት። ወንበሩን ዞራ አየች፤ የሚከለክል ማስታወቂያ የለበትም። «ሁ ሴድ ዛት?»

ጋሽ አሳምነው በአገጫቸው ወደ ጋሽ እምሩ ጠቆሙ። ልጅቱ በጣም ክፉ ሰው እንዳየች ሆና ጋሽ እምሩን ገላመጠቻቸውና ትንሽ ራቅ ብላ ቆመች።

«ዓሣ ነባሪ» አሉ አቶ ዓባይነህ።

ሁሉም ዞሩ። እውነትም ከሩቅ ውሃው ላይ የትንፋሽ ጭስ ቡልቅ አለ፤ ከጎኑ ደግሞ ትንሽ ሌላ። እናትና ልጅ ይሆናሉ። እስኪጠፉ አይተዋቸው ወደ መቆማቸው ተመለሱ።

«ታስታውሳለህ?» አሉ ጋሽ አሳምነው። አሁን ድምፃቸው የሽማግሌ ሳይሆን የጓደኛ ነው። «ትርንጎን ልለምንልህ ወንድሟ ዘንድ በሄድኩ ጊዜ? ሦስት ሰዓት ሙሉ ኩሽናው ውስጥ አቆመኝ። ያኔ ጉልበቴ ደህና ነበር።»

«አስታውሳለሁ።»

«በመስኮት ሳይህ አንተ ማዶ አውቶቡስ ፌርማታው ጋ ነበርክ። ዝናቡ ይደበድብህ ነበር። አውቶቡሱ ሲመጣ ‹አልሳፈርም› ትለዋለህ፣ ይሄዳል፤ ሌላው ይመጣል፣ ‹አልሳፈርም› ትለዋለህ።»

ጋሽ እምሩ ሳያስቡት ፈገግ አሉ። «ሰባት አውቶቡስ ነው የመለስኩት።» ከዚያ ፈገግታቸው ጠፋ። «ልጁስ? የት ነው ያለው?»

«መኪና ውስጥ ነዋ። እሱ ነው ነድቶ ያመጣን። መልስ ሳይመጣ ከመኪና እንዳትወርድ ብለነዋል፣ ወግ ነው። ጠዋት ከሳን ሆዜ ከተነሳ ጀምሮ ምንም አልቀመሰም።»

ጋሽ እምሩ ወደ ላይ አዩ። ከዚያ ሆነው መኪናውም ልጁም አይታይም፤ ለእሳቸው ግን ታያቸው። የአውቶቡስ ፌርማታው ታያቸው።

«አሳምነው» አሉ፣ «ቤቱ ባዶ ይሆናል።»

ይኸው ወጣ። ሁለት ቀጠሮ፣ አንድ ውሸትና አንድ ደብዳቤ የፈጀው ነገር ሦስት ቃል ነበረች።

ጋሽ አሳምነው አላጽናኗቸውም። «ይሆናል» አሉ። «ምን ልበልህ? የኔ ሦስቱም ሄደዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ካቻቢቴ ይዤ ቤቱን እየዞርኩ ያልላላ የበር እጀታ አጠብቃለሁ። ይሆናል፣ እምሩ። ግን ‹ከኔ ጋር ተቀምጣ ትቅር› ማለት ትችላለህ? ዓይንህ እያየ?»

በዚህ መሐል የጋሽ አሳምነው ጉልበት ከዳቸው፤ ወደ ጎን ዘመም ሲሉ ጋሽ እምሩ በሁለት እጃቸው አቀፏቸው። ሰውየው በሙሉ ይንቀጠቀጣል፤ ሸሚዙ በላብ ርሷል፤ ያም ሆኖ ወንበሩን በእጁም አልነካም!

«ተቀመጥ፣ አንተ ግትር!» ጮኹ ጋሽ እምሩ። «ተቀመጡ!»

ጋሽ አሳምነው በእቅፋቸው ውስጥ ሆነው ወደ ባልደረቦቻቸው ዞሩ። «ሰማችሁ?»

«እኔስ በነፋሱ አልሰማሁም» አሉ አቶ ወልደ ሚካኤል፤ ሰውየው ጨዋ ናቸው፣ ግን ነገር ያውቃሉ።

«ተቀመጡ ብያለሁ! ልጄን ሰጥቻለሁ! በእግዚአብሔር ስም ተቀመጡ!»

ሦስቱም ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ። ጠባቂዋ ልጅ እፎይ ብላ አጨበጨበች። አቶ ወልደ ሚካኤል እዚያው ዓይናቸውን ጨፍነው መረቁ፤ ጋሽ እምሩ «አሜን» ሲሉ ድምፃቸው ተሰነጠቀ።

ናዝሬት ከደረጃው አናት ላይ የብረቱን አጥር ይዛ ቆማለች። ዓይኗ ቀልቷል። ጋሽ እምሩ ሽማግሌዎቹን እያሳረፉ በስንት መከራ እላይ ሲደርሱ መጀመሪያ የሄዱት ወደ እሷ ነው።

«ዋሸሁሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ፈርቼ ነው።»

«ምን ፈራህ?»

«ምን እንደምፈራ አታውቂም?»

ቀና ብላ አየቻቸው። «አውቃለሁ» አለችና ባርኔጣውን ከእጃቸው ወስዳ ራሷ ላይ አደረገችው።

ጋሽ እምሩ ብቻቸውን ያንን የጎበጡ ዛፎች መንገድ ይዘው ወደ መኪና ማቆሚያው ሄዱ። ሚልክያስ በሙሉ ልብስ፣ ቀበቶውን እንዳሰረ፣ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ፣ መኪናው የሚሄድ ይመስል ፊት ለፊት ያያል። መስኮቱን አንኳኩለት። ደንግጦ ሊወጣ ሲል ቀበቶው መልሶ ጎተተው።

«አባባ! እኔ... ከመኪና እንዳልወርድ ተብዬ...»

«መብራቱን አይተኸዋል?»

«አላየሁም።»

«በል ውረድ። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል፤ ናዝሬት እየጠበቀችህ ነው።» ልጁ ነገሩ እስኪገባው ቆሞ ቀረ። ሲገባው ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ፤ ጋሽ እምሩ ትከሻውን ይዘው አቀኑት። «ሌንሱን በደንብ አሳያት» አሉት፣ «እኔ ቸኩዬ ነው ያሳየኋት።»

ሽማግሌዎቹ ገደሉ አናት ላይ ካለው አግዳሚ ተቀምጠው ጫማቸውን አላልተዋል። ናዝሬትና ሚልክያስ ደረጃውን ሲወርዱ፣ እያነሱ፣ እያነሱ፣ በመጨረሻ አንድ ባርኔጣና አንድ ጥቁር ኮት ብቻ ሆነው ማማው ውስጥ ሲገቡ ጋሽ እምሩ አጥሩን ይዘው ያያሉ።

«እምሩ፣ ና እንጂ ቁጭ በል» አሉ ጋሽ አሳምነው።

«ልቁም።»

«የሚቆም ሰው የሚለምነው አለው። አንተ ደግሞ ምን ልትለምን ነው?»

«እሁድ እሁድ» አሉ ጋሽ እምሩ ሳይዞሩ፣ «መጥታ ደም ግፊቴን እንድትለካልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ማንም አልሳቀም። ጥቂት ቆይቶ አቶ ዓባይነህ የጫማቸውን ክር አሰሩ፣ ተነሱ፣ ሄደው ከጋሽ እምሩ በስተቀኝ ቆሙ። አቶ ወልደ ሚካኤልም ተነሱ። ጋሽ አሳምነው «ወይ ጉልበቴ!» አሉ፤ ግን በወንበሩ ጠርዝ ተደግፈው ብድግ አሉና ኮታቸውን ቆለፉ።

ናዝሬትና ሚልክያስ እየሳቁ፣ እያለከለኩ ደረጃውን ጨርሰው ሲወጡ አራቱ ሽማግሌዎች በባዶው ወንበር ፊት ተሰልፈው አገኟቸው።

«ዋት ሃፕንድ? ለምን ትቆማላችሁ?»

ጋሽ አሳምነው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ከአባትሽ ተልከን የመጣን ሽማግሌዎች ነን» አሉ። «እሁድ እሁድ እየመጣሽ ደም ግፊቱን እንድትለኪለት ቆመን እንለምናለን። መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም።»

ናዝሬት አባቷን አየች። ጋሽ እምሩ ጫማቸውን እያዩ ነው። ባርኔጣውን አውልቃ ፊቷን ሸፈነችበት፤ ትከሻዋ ተርገፈገፈ። ሚልክያስ ሊይዛት ሲል እሷ ቀድማ ሄዳ አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

«ተቀመጡ» አለች በአማርኛ፣ እንባዋን በኮታቸው እየጠረገች። «ሁላችሁም ተቀመጡ። አባቢ፣ አንተም ተቀመጥ።»

አራቱም ተቀመጡ። ወንበሩ ለሦስት ሰው ነበር፤ ተጠጋጉ።